ኹዋን ዴ ፓሬኻ፦ በሌላ ሰው ሥዕል የታወቀው ሠዓሊ

ስለ አውሮፓ ሥዕል ሲነገር የሚነሡት ስሞች ጥቂቶች ናቸው። ሊዮናርዶን፣ ሚኬላንጄሎን፣ ራፋኤልን፣ ሬምብራንትን በስም እንኳ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን በእነዚህ ታላላቆች ጥላ ሥር ዕድሜያቸውን በሙሉ ከቀለምና ከሸራ ጋር ሲታገሉ ኖረው፣ ሥራቸው በአንድ ቤተ መዘክር ጥግ ተሰቅሎ፣ ስማቸውም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ የቀረ ብዙ ሠዓሊዎች አሉ። በዚህ እትም ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ የመረጥነው ከእነዚሁ አንዱን፣ በ17ኛው ምእተ ዓመት የኖረውን የእስፓኝ ሠዓሊ ኹዋን ዴ ፓሬኻን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፓሬኻን ከሌሎቹ የተረሱ ሠዓሊዎች ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ፊቱን ዓለም ያውቀዋል፤ ሥራውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ፊቱ የታወቀበት ምክንያት ጌታው ዲዬጎ ቬላስኬዝ በ1650 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ስለ ሣለው ነው። ጌታው ስንልም የአክብሮት አነጋገር አይደለም። ፓሬኻ የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር። ከዚህ የባርነት ኑሮ እንዴት እንደ ወጣ ሁለት ዓይነት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው ለጆሮ የሚጥም አፈ ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሮማ ቤተ መዛግብት ውስጥ የተገኘ አንድ የውል ወረቀት ነው። ሁለቱ ስለ ነጻነት የሚያስተምሩት ነገር አንድ አይደለም። ስለዚህ የሰውዬውን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከተከተልን በኋላ የትኛውን መያዝ እንደሚገባን አብረን እንመረምራለን።

ፓሬኻ የተወለደው በደቡብ እስፓኝ፣ በአንዳሉስያ ምድር፣ አንቴኬራ በምትባል ከተማ በ1608 ዓ.ም. ገደማ ነው። የዘር ሐረጉ ወደ አፍሪካ ይመዘዛል። በዚያን ጊዜ በነበረው የእስፓኝ ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ አባቱ ማንም ይሁን ማን ባሪያ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

ባርነት ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በአሜሪካ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የነበረው ሥቃይ ነው። ነገር ግን ባርነት በአውሮፓ ከተሞችም ውስጥ ነበረ። በ1565 ዓ.ም. በሴቪል የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር በተደረገ ቈጠራ ከ85,500 ሰዎች መካከል 6,300 ያህሉ ባሪያዎች ሆነው ተመዝግበዋል። ይህም ማለት በየመንገዱ ከሚታዩት ከዐሥራ አራት ሰዎች አንዱ የሌላ ሰው ንብረት ነበር ማለት ነው። ከእነዚህ የሚበዙት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ያመጧቸው ወይም ከእነዚያ የተወለዱ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ በሜዲቴራኒያን ባሕር ላይ በሚደረገው ጦርነትና ወረራ የተማረኩ እስላሞች ነበሩ። ሥራቸውም በእርሻ ብቻ አልነበረም፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪውና በሠዓሊው ቤትም የእጅ ሥራ ያግዛሉ።

ቬላስኬዝ ራሱ የዚችው የሴቪል ልጅ ነው። በ1599 ዓ.ም. ተወልዶ፣ በ12 ዓመቱ ገደማ ፍራንሲስኮ ፓቼኮ ለሚባል ሠዓሊ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ፤ በ1618 ዓ.ም. የመምህሩን ልጅ አገባ፤ በ1623 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ሄዶ የንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለ37 ዓመታት የንጉሡን፣ የንግሥቲቱን፣ የልጆቻቸውን፣ የመኳንንቱንና የቤተ መንግሥቱን አጫዋቾች ፊት ሲሥል ኖረ። ዛሬ የሥዕል ሊቃውንት ከታላላቆቹ ሁሉ ታላቅ ከሚሏቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ፓሬኻ ያደገበትና የሠራበት ቤት እንግዲህ ይህን የመሰለ ቤት ነበር።

በዚያ ዘመን ቀለም እንደ ዛሬው በቱቦ ታሽጎ በሱቅ አይሸጥም ነበር። ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ድካም አለ። ከድንጋይ፣ ከአፈር፣ ከዝገት የሚገኘው ቀለም በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በሌላ ድንጋይ ለሰዓታት ይፈጫል፤ ደቆ እንደ ዱቄት ከላመ በኋላ በተልባ ዘይት ይለወሳል። ነጩ ቀለም ከእርሳስ ስለሚሠራ ለሚፈጨው ሰው ጤና አደገኛ ነበር። ሸራው በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ በሙጫ ይቀባል፣ ከዚያም መደብ የሚሆነው ቀለም እየተደራረበ ይለቀለቅበታል። ማታ ብሩሾቹ ይታጠባሉ። ይህ ሁሉ የፓሬኻ ሥራ ነበር። ከዚህም በላይ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል በጌታው ቤት በሚጻፉ የሕግ ወረቀቶች ላይ ምስክር ሆኖ ይፈርም ነበር። ነገሩን ላስተዋለው ሰው የሚያስገርም ነው። በሌላው ሰው ንብረት ጉዳይ ላይ ቃሉ የሚታመነው ሰው ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ነበረ።

ሥዕል የመሣል ነገር ሲነሣ ግን በሩ ዝግ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የዚያን ጊዜ የእስፓኝ ሠዓሊዎች ራሳቸው ያሉበትን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገሩ ልማድ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ሰው ከመኳንንት ጋር አይቈጠርም። ሠዓሊዎቹ ደግሞ ሥራችን የእጅ ሥራ ሳይሆን የአእምሮ ጥበብ ነው፣ ስለዚህም እንደ ጫማ ሰፊው የሽያጭ ግብር ልንከፍል አይገባንም እያሉ በፍርድ ቤት ይከራከሩ ነበር። ቬላስኬዝ ራሱ ቅዱስ ያዕቆብ በሚባለው የመኳንንት ማኅበር ውስጥ ባላባት ሆኖ ለመግባት ብዙ ደክሟል። ከመቶ በላይ ምስክሮች ተጠርተው ስለ ትውልዱና ሥዕልን ለገንዘብ ሸጦ እንደ ሆነ ከተጠየቁ በኋላ፣ ሊሞት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1659 ዓ.ም. መጨረሻ ማዕርጉን አገኘ። እንግዲህ ጌቶቹ ጥበባችን የነጻ ሰዎች ጥበብ ነው እያሉ በሚሟገቱበት አገር አንድ ባሪያ ብሩሽ ይዞ ቢታይ ክርክራቸውን የሚያፈርስባቸው ይመስላቸው ነበር። የጥበቡ ክብር የተጠበቀው በፓሬኻ ዕድል ላይ ነው ማለት ነው።

አፈ ታሪኩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። አንቶኒዮ ፓሎሚኖ የተባለ ሠዓሊና ጸሐፊ በ1724 ዓ.ም. ባሳተመው የእስፓኝ ሠዓሊዎች የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዲህ እያለ ይተርካል። ቬላስኬዝ ስለ ጥበቡ ክብር ሲል ፓሬኻ ቀለም ከመፍጨትና ሸራ ከማዘጋጀት አልፎ አንዳች እንዲሥል ፈጽሞ አይፈቅድለትም ነበር። ፓሬኻ ግን ጌታው በሌለበት ሰዓትና ሌሊት እንቅልፉን እየሠዋ በስውር ይማር ነበር። በመጨረሻም አንድ ብልሃት አሰበ። ንጉሡ ወደ ሠዓሊው ክፍል በመጡ ቍጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩትን ሥዕሎች ገልብጠው የማየት ልማድ ነበራቸው። ፓሬኻም በገዛ እጁ የሣለውን አንድ ሥዕል ከሌሎቹ ጋር በግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ንጉሡ ሥዕሉን ገልብጠው ባደነቁ ጊዜ በእግራቸው ላይ ወድቆ የሠራው እርሱ መሆኑን ተናዘዘና ከጌታው ቍጣ እንዲያድኑት ለመነ። ንጉሡም ይህን የመሰለ ችሎታ ያለው ሰው ባሪያ ሊሆን አይገባውም ብለው ፈረዱ፤ ቬላስኬዝም ነጻ አወጣው።

ይህን ታሪክ በ19ኛውና በ20ኛው ምእተ ዓመት ብዙ ጸሐፊዎች እየተቀባበሉ ደግመውታል። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመው የኤሊዛቤት ቦርተን ዴ ትሬቪንዮ የልጆች ልብ ወለድም ፓሬኻን ለብዙ ወጣት አንባቢዎች አስተዋውቆ በ1966 ዓ.ም. ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን እኛም አንክድም። ትጉሁ ተደብቆ ይማራል፣ ደጉ ንጉሥ ይፈርዳል፣ ሁሉም በመልካም ይፈጸማል። ወረቀቱ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። እርሱን ከማንበባችን በፊት ጌታና ባሪያ ወደ ሮማ ያደረጉትን ጕዞ እንከተል።

በ1649 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቬላስኬዝ ከማላጋ ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኢጣልያ ሄደ። የተላከው ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ጌጥ የሚሆኑ ሥዕሎችንና የጥንት ሐውልቶችን እንዲገዛ ነበር። ፓሬኻም አብሮት ሄደ። ጌኖቫንና ቬኒስን የመሳሰሉትን ከተሞች ካዩ በኋላ ሮማ ሰነበቱ። የሮማው ጳጳስ ኢኖሴንት 10ኛም በቬላስኬዝ እጅ ለመሣል ፈቀዱ። ፓሎሚኖ እንደሚለው ቬላስኬዝ የጳጳሱን ሥዕል ከመጀመሩ በፊት እጁን ለማፍታታት ብሎ የፓሬኻን ፊት ሣለ።

መጽሔታችን በስቴንስል የሚባዛ በመሆኑ ሥዕሉን ለአንባቢዎቻችን ለማሳየት አይቻለንም። ስለዚህ በቃል እንግለጸው። ሸራው ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከወገቡ በላይ የሚታይ፣ ጠቆር ያለ፣ ጺሙ የተከረከመ፣ ጠጕሩ የተጠቀለለ ሰው፣ ትከሻውን ዘወር አድርጎ ቆሞ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። ልብሱ አመድማ ነው፤ በአንገቱ ላይ ሰፊ ነጭ የዳንቴል ኮሌታ አለ፤ ቀኝ እጁ በደረቱ በኩል አልፎ ካባውን ይዟል። በኋላው ምንም ዕቃ የለም፤ ባዶ አመድማ ግድግዳ ብቻ ነው። ሠዓሊው የሥራ መሣሪያም፣ የአገልጋይነት ምልክትም አላስያዘውም። ዓይኖቹ ከተመልካቹ ዓይን ጋር በቀጥታ ይገጥማሉ፤ አይለማመጡም፣ አይቈጡምም። ሥዕሉ የባሪያ ሥዕል መሆኑን ያልተነገረው ሰው ከዚያ ዘመን መኳንንት እንደ አንዱ አድርጎ ያየዋል።

በሮማ የሠዓሊዎች ማኅበር በየዓመቱ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ቀን፣ በጥንታዊው የፓንቴዮን ሕንጻ ሥዕሎችን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። መጋቢት 19 ቀን 1650 ዓ.ም. የፓሬኻ ሥዕል በዚያ ተሰቀለና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠዓሊዎች በሙሉ አደነቁት። ፓሎሚኖ እንደሚያወራውም ቬላስኬዝ ሥዕሉን ለወዳጆቹ እንዲያሳይ ራሱን ፓሬኻን አሸክሞ ላከው፤ ሰዎቹም በሰውዬውና በሥዕሉ መካከል ቆመው ለየትኛው መናገር እንዳለባቸው ግራ ገባቸው። ጨዋታው አስቂኝ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያ የገዛ ፊቱን በእጁ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ሰው ሥዕሉም ሥጋውም የጌታው ነበሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ኅዳር 23 ቀን 1650 ዓ.ም.፣ ማለት ሥዕሉ በፓንቴዮን ከተሰቀለ ከስምንት ወር በኋላ፣ ቬላስኬዝ በሮማ በውል ጸሐፊ ፊት ቀርቦ ለኹዋን ዴ ፓሬኻ የአርነት ወረቀት ጻፈለት። ለእርሱም ለዘሮቹም ነጻነት ሰጠ። ነገር ግን ነጻነቱ በዚያኑ ቀን የሚጸና አልነበረም። ፓሬኻ ሳይኮበልል ወንጀልም ሳይሠራ አራት ዓመት ተጨማሪ ካገለገለ በኋላ እንዲጸና የሚል ግዴታ ነበረበት። ይህን ወረቀት በሮማ ቤተ መዛግብት አግኝታ በ1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀችው የሥዕል ታሪክ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ሞንታጉ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ነገሩ የጠራው ከ333 ዓመት በኋላ ነው።

በወረቀቱ ውስጥ ንጉሥ የለም። ንጉሥ ፊልጶስ በዚያን ጊዜ በእስፓኝ ነበሩ። ተገልብጦ የተደነቀ ሥዕልም የለም። ያለው አንድ ጌታ፣ አንድ ባሪያ፣ አንድ ጸሐፊና አራት ዓመት ነው። ባርነት ከሥር ከመሠረቱ ስሕተት ነው ብሎ የሚናገር ቃል የለበትም።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች እናነጻጽር። አፈ ታሪኩ ፓሬኻ ነጻ የወጣው ጥሩ ሠዓሊ በመሆኑ ነው ይለናል። ይህን በደስታ የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ያልፈዋል። ይኸውም ፓሬኻ መሣል ባይችል ኖሮ ባርነቱ ተገቢ ይሆን ነበርን? በዚያው ቤት ወጥ የሠራችው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ልብስ ያጠበችው ችሎታዋን ለንጉሥ የምታሳይበት ሸራ አልነበራትም። ነጻነት ለችሎታ የሚሰጥ ሽልማት ከሆነ ችሎታ የሌለው ሁሉ ሰንሰለቱ ተገብቶታል ማለት ይሆናል። እኛ ተማሪዎች በፈተና ውጤትና በሽልማት ሰውን መለካት ስለ ለመድን ይህ አስተሳሰብ ሳናውቀው ሊሠርገን ይችላል። ስለዚህ አፈ ታሪኩ ሰውዬውን ያከበረ መስሎ ባርነትን ግን ሳይነካው ያልፋል እንላለን። ደረቁ ወረቀት ይበልጥ ታማኝ ነው። ነጻነት በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ውል ዕቃ ተመዝና፣ ተቈራርሳ፣ በቀጠሮ እንደምትሰጥ ያሳየናልና።

ስለ ቬላስኬዝስ ምን እንበል? ፍጹም ክፉ ነው ብለን እንዳንፈርድ ያ ሥዕል ይከለክለናል፤ የሰውን ክብር በዚያ መጠን ለማየት የቻለ ዓይን የዕውር ዓይን አይደለም። ፍጹም ደግ ነው እንዳንልም ወረቀቱ ይከለክለናል፤ ያን ክብር ያየው ሰው ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ባሪያ አድርጎ አኑሮታል፣ ከዚያም አራት ዓመት ጨምሮበታል። ማየትና ማድረግ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቬላስኬዝና ፓሬኻ በ1651 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተመለሱ። ቀጠሮው በ1654 ዓ.ም. መጨረሻ ሞላና ፓሬኻ በአርባ ስድስት ዓመቱ ገደማ የራሱ ሰው ሆነ። ብዙ ሰው ሥራውን በሚያገባድድበት ዕድሜ እርሱ ጀመረ። ቬላስኬዝ ነሐሴ 6 ቀን 1660 ዓ.ም. እስከሞተ ድረስ ከቤቱ እንዳልራቀ ይነገራል። ነገር ግን ከዚያም በፊት በገዛ ስሙ መሥራት ጀምሮ ነበር። በ1658 ዓ.ም. እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ ስትሰደድ የሚያሳይ ሥዕል ፈረመ፤ ይህ ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ በሚገኘው የሪንግሊንግ ቤተ መዘክር አለ። በ1667 ዓ.ም. የጌታችንን ጥምቀት ሣለ። ኾሴ ራቴስ የተባለውን የሕንጻ ባለሙያ የሣለበት ሥዕልም በቫሌንስያ ቤተ መዘክር ይገኛል። በእርግጥ የእርሱ መሆናቸው የተረጋገጠው ሥዕሎች ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1661 ዓ.ም. የሠራው የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት ነው። በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር የሚገኝ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ25፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ሥዕል ነው። ቀራጩ ማቴዎስ የምሥራቅ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል፤ በጠረጴዛው ላይ ገንዘብና ጌጣጌጥ ተዘርግቷል፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሠዓሊውን ዘመን ልብስ ለብሰዋል። ጌታችን መጥቶ ይጠራዋል። ሁሉም በዚያ ጥሪ ሲደነግጡ፣ በግራ በኩል በሥዕሉ ዳር አንድ ሰው በጥሩ ልብስ ተውቦ ቆሟል። ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሷል። በእጁ ወረቀት ይዟል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የኹዋን ዴ ፓሬኻ ስምና ዓመቱ ነው።

ይህን ከጌታው ሥራ ጋር ማስተያየት ይገባል። ቬላስኬዝ በ1656 ዓ.ም. ላስ ሜኒናስ በተባለው ዝነኛ ሥዕሉ ውስጥ ራሱን ከንጉሡ ልጅ አጠገብ፣ ብሩሹን እንደ ያዘ ሥሏል። ክብሩን ያገኘው ከቤተ መንግሥት ስለ ነበረ ማስረጃውንም ከዚያ አደረገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፓሬኻ ራሱን ሲሥል አጠገቡ ንጉሥ አላቆመም፤ የያዘውም ብሩሽ ሳይሆን ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ በወረቀት ነጻ የወጣ ሰው በእጁ ወረቀት መያዙ በአጋጣሚ የሆነ ነው ብለን ለማለፍ አንችልም።

ስለ ማቴዎስ መመረጥም አንድ የምንጨምረው አለ። በ13ኛው ምእተ ዓመት ተሰብስቦ በመላ አውሮፓ ይነበብ የነበረው የያቆብ ዘቮራጊኔ የቅዱሳን ታሪክ ማቴዎስ በኢትዮጵያ እንደ ሰበከና በዚያም ንጉሡን እንዳጠመቀ ይተርካል። በፓሬኻ ዘመን እስፓኛውያን ኢትዮጵያውያን ሲሉ ብዙ ጊዜ በደፈናው ጥቁር ሕዝቦችን ሁሉ ማለታቸው ነበር፤ በ1627 ዓ.ም. በሴቪል የታተመው የአሎንሶ ዴ ሳንዶቫል መጽሐፍ ስለ አፍሪካውያን ባሪያዎች ሲጽፍ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። ስለዚህ ማቴዎስ ለእስፓኝ ጥቁር ክርስቲያኖች ተራ ሐዋርያ አልነበረም፤ የእነርሱ ሐዋርያ ነበር። የሥዕሉን ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንትም ይህን ግንኙነት አመልክተዋል።

እነዚሁ ሊቃውንት ያስተዋሉት ሌላም አለ፤ እርሱ ግን ልብ ይነካል። ፓሬኻ በሣለው በራሱ መልክ ላይ ቆዳው ጌታው ከሣለው ይልቅ ፈካ ያለ፣ ገጽታውም ወደ አውሮፓውያን ያዘነበለ ነው። ጥቁር መልክና ባርነት አንድ ሆነው በሚታሰቡበት አገር ነጻ ሰው መሆኑን ለማሳየት የፈለገ ሰው እጁ ወዴት እንዳዘነበለ እናያለን። ይህን ስናይ በሰውዬው ላይ ለመፍረድ አንቸኵል። የሚፈረድበት ሰውን የገዛ መልኩን እስኪለውጥ ድረስ ያደረሰው ሥርዐት ነው። የአርነት ወረቀት በአንድ ቀን ይጻፋል፤ አርነት በሰው ዓይን ውስጥ እስኪጸና ግን ብዙ ትውልድ ይፈጃል።

ሥራው በጥበብ ሚዛን ሲመዘን እንዴት ነው? እውነቱን ለመናገር ፓሬኻ ቬላስኬዝን አይተካከልም፤ ከእርሱ ጋር የሚተካከል በዘመኑ ጥቂት ነበር። ነገር ግን የጌታውን አሠራር የቀዳ ሰውም አይደለም። ቬላስኬዝ በጥቂት ቀለም፣ በብዙ ዝምታ ይሥላል፤ ፓሬኻ ደግሞ ደማቅ ቀለም፣ ብዙ ሰው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስና ብዙ እንቅስቃሴ ይወዳል። በዚህም ፍራንሲስኮ ሪዚንና ኹዋን ካሬኞን ለመሳሰሉ የማድሪድ ሠዓሊዎች ይቀርባል። ስንት ዓመት በአንድ ታላቅ ሰው ቤት ቀለም ሲፈጭ የኖረ ሰው ብሩሹን በነጻነት ባነሣ ጊዜ በሌላ መንገድ መሄዱ ለእኛ ከሥዕሎቹ ውበት የማያንስ ቁም ነገር ነው። ምርጫው የራሱ ነበረና።

ፓሬኻ በ1670 ዓ.ም. ገደማ በማድሪድ ሞተ። ከዚያ በኋላ የእርሱ ሥራዎች ሲረሱ የጌታው ሥራ ግን ከአገር ወደ አገር ዞረ። የፓሬኻ መልክ ያለበት ሥዕል ከኢጣልያ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከ1811 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ መስፍን ቤት ተሰቅሎ ኖረ። ኅዳር 27 ቀን 1970 ዓ.ም. በሎንዶን ለጨረታ ቀርቦ በ2,310,000 ፓውንድ ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ሥዕል አልነበረም። ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል። የሰውዬው መልክ በሰው ልጅ ታሪክ ውድ ዋጋ ካወጡት አንዱ ሲሆን፣ ሰውዬው ራሱ በሕይወቱ ዋጋ ተቈርጦለት የነበረ መሆኑን ጋዜጣ አንባቢው ሁሉ አላስታወሰም።

ከዚያ በፊት ግን ሠዓሊውን ፍለጋ የሄደ አንድ ሰው ነበር። በ1874 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ የተወለደው ጥቁሩ የታሪክ ሊቅ አርቱሮ ሾምበርግ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የተጻፉ መጻሕፍትንና ወረቀቶችን ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በ1926 ዓ.ም. ስብስቡ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ10,000 ዶላር ተሸጠና፣ በዚያ ገንዘብ ወደ እስፓኝ ሄዶ የፓሬኻን የእጅ ሥራ ፈለገ። በፕራዶም ከማቴዎስ ሥዕል ፊት ቆመ። ያየውንም በ1927 ዓ.ም. ዱ ቦይስ ያዘጋጀው በነበረው ክራይሲስ በተባለ መጽሔት ላይ ጻፈ። የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ2023 ዓ.ም. ለፓሬኻ ብቻ የተዘጋጀ ትርኢት ባቀረበ ጊዜ የሾምበርግን ድካም አብሮ አስታውሷል። ከሞተ ከ350 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሥራዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ከታወቀው መልኩ ጋር በአንድ አዳራሽ ተሰቀሉ።

እኛም ይህን አጭር ታሪክ ስንጽፍ የፈለግነው አንባቢውን ለማሳዘን ወይም በተረት ለማስደሰት አይደለም። ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ስለ አንድ ሰው ሌላው ሰው ያለውን ብቻ ይዞ መቅረት አይገባውም፤ ሰውዬው ራሱ ምን ብሏል፣ ምን ሠርቷል ብሎ መጠየቅ አለበት። የቬላስኬዝ ሥዕል ታላቅ ነው፤ የፓሬኻን ክብር አሳይቷል። ይሁን እንጂ በዚያ ሥዕል ውስጥ ፓሬኻ እጁ ባዶ ነው። በእጁ የያዘውን ለማየት ሌላውን፣ የ1661ዱን ሥዕል ማየት ያስፈልጋል። በዚያ በዳር ቆሞ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን የገዛ ስሙን ይዞ፣ አንብቡ እንደሚል ሰው ይጠብቃል።